ኩሽናውን ከሳሎን ሊያገናኝ ላሰበ የወንድሜ ልጅ

ልጄ፣ የላክህልኝን ፎቶግራፍና በእጅህ የሣልከውን ንድፍ ደጋግሜ አየሁት። በኩሽናውና በምግብ ክፍሉ መካከል ያለውን ግድግዳ፣ ምግብ ክፍሉን ከሳሎን የሚለየውንም ጨምረህ አፍርሰህ ሦስቱን አንድ ሰፊ ክፍል ልታደርጋቸው አስበሃል። ሐሳቡን ወድጄዋለሁ። ያ ምግብ ክፍል መሐል ላይ ስለተቀረቀረ ቀትር ላይ እንኳ መብራት ካልበራ ሰው አያሳይም ነበር። እናትህም በበዓል ቀን እንግዳው ሳሎን ሲጫወት እሷ ከግድግዳው ወዲያ ብቻዋን ትውላለች። ይህ ቢቀየር ደስ ይለኛል። ነገር ግን ንድፍህ ላይ ምድጃው ከሶፋው ፊት ለፊት ተቀምጧል፤ ምጣዱ የት እንደሚጣድ፣ ሊጡ የት እንደሚቦካ፣ የጤፉ ጆንያ የት እንደሚቆም ግን የትም አልተጻፈም።

ዕድሜዬን ያሳለፍኩት በሕንፃ ሥራ ስለሆነ የማውቀውን ተራ በተራ እጽፍልሃለሁ። እህትህም ስለ ኮንዶሚኒየሟ ይህንኑ ስለጠየቀችኝ የእሷን ነገር በየቦታው ጨምሬበታለሁ፤ ደብዳቤውን አሳያት።

1. ከግድግዳው በፊት ወጡን አስብ።

የእኛ ወጥ ከሽንኩርት ይጀምራል። ለአንድ የበዓል ዶሮ ወጥ ሁለትና ሦስት ኪሎ ቀይ ሽንኩርት ተከትፎ ድስት ውስጥ ያለ ዘይት ይቁላላል። ውኃው ተኖ እስኪያልቅ፣ ሽንኩርቱም ልሞ መልኩ እስኪለወጥ ድረስ አንድ ሰው አጠገቡ ቆሞ ያማስላል። ከዚያ ዘይቱ፣ ከዚያ በርበሬው ይገባል። በርበሬው ትኩስ ዘይት ሲነካ የሚነሣውን ታውቀዋለህ፤ ጓዳ ያለውን ሁሉ ያስነጥሳል። ቅቤው፣ ቅመሙ፣ ዶሮው ገና ይቀራሉ። ነገሩ የግማሽ ቀን ሥራ ነው።

ከድስቱ የሚነሣው እንፋሎት ብቻ አይደለም፤ ደቃቅ የዘይት ብናኝ ተሸክሞ ነው የሚወጣው። አሁን ተነሥና የእናትህን ፍሪጅ አናት በጣትህ ጥረገው። ቢጫ፣ የሚያጣብቅ፣ አቧራ የጋገረበት ሽፋን ታገኛለህ። ግድግዳው ሲፈርስ ያ ሽፋን ፍሪጁ ላይ ብቻ አይቀርም፤ መጋረጃው ላይ፣ የሶፋው ጨርቅ ላይ፣ መጻሕፍትህ ላይ ያርፋል። ሴራሚክ ይታጠባል፤ ሶፋ ግን የያዘውን ሽታ በቀላሉ አይለቅም።

ስለዚህ የመጀመሪያው ጥያቄህ «የትኛውን ግድግዳ ላፍርስ?» አይሁን። ወረቀት ያዝና ከባለቤትህ ጋር ቁጭ ብላችሁ በሳምንት ውስጥ ቤታችሁ ውስጥ የሚበስለውን ጻፉ። በሳምንት ስንቴ እንጀራ ይጋገራል ወይስ ከውጭ ይገዛል? ወጥ በየቀኑ ነው ወይስ ቅዳሜ ተሠርቶ ፍሪጅ ይገባል? በርበሬ ይደለዛል? ቅቤ ይነጠራል? ቡና ይቆላል? እንዲህ ዓይነቱ ዝርዝር ከየትኛውም የሚያምር ሥዕል ይልቅ ቤቱን በትክክል ይነድፍልሃል።

2. ከባዱንና ቀላሉን ማብሰል ለያቸው።

ከሁሉም በላይ እንድትሰማኝ የምፈልገው ይህን ነው። ሳሎኑንና ምግብ ክፍሉን ሙሉ በሙሉ ክፈታቸው፤ አትፍራ። ኩሽናውን ግን በከፊል ክፈተው፤ ከባዱን ሥራ ወደ ጓሮ አውጣው። አባትህ የሠራት ሰርቪስ ቤት አለችህ፤ አሁን አሮጌ አልጋና የተሰበረ ወንበር ነው የሞላባት። አጽዳት፣ ወለሏን በሴራሚክ አልብስ፣ ሲንክ አስገባላት፣ ምጣዱንና ለትልቅ ድስት የሚሆን ዝቅ ያለ ምድጃ እዚያ አድርግ። ከዋናው ቤት ወደ እሷ የሚወስደውን ጥቂት እርምጃ በቆርቆሮ ጥላ ሸፍነው፤ በክረምት ሞሰብና ድስት ይዞ በዝናብ መመላለስ ሰው ያሰለቻል፤ የተሰላቸ ሰው ደግሞ ተመልሶ ቤት ውስጥ ያበስላል። ቤት ውስጥ ያለው ኩሽና ለቁርስ፣ ለሻይ፣ ለሰላጣ፣ ወጥ ለማሞቅ፣ ፓስታና ሩዝ ለመቀቀል፣ ዕቃ ለማጠብ ይበቃሃል።

አባቶቻችን ማድ ቤቱን ከዋናው ቤት ለይተው የሠሩት ጭስና እሳት ፈርተው ነው። እሳቱ ዛሬ ኤሌክትሪክ ቢሆንም የበርበሬው ነገር አልተለወጠም።

ይህ የተከፈተ አሠራር ለማን እንደታሰበም አስብ። አሜሪካዊው አርክቴክት ፍራንክ ሎይድ ራይት በ1937 እ.ኤ.አ. በዊስኮንሲን ግዛት በማዲሰን ከተማ ተሠርቶ ባለቀው የጄኮብስ ቤት ኩሽናውን ከመመገቢያውና ከመኖሪያው ጋር ያገናኘው ገቢዋ መካከለኛ ለሆነች፣ የቤት ሠራተኛም ለሌላት ቤተሰብ ብሎ ነው። ከዚያ ዐሥር ዓመት ገደማ ቀደም ብሎ፣ በ1926 እ.ኤ.አ.፣ ኦስትሪያዊቷ አርክቴክት ማርጋሬተ ሹተ-ሊሆትስኪ ለፍራንክፈርት ከተማ የነደፈችው ኩሽና ግን ለብቻው የተከለለ ነበር። ወርዱ 1.9 ሜትር፣ ርዝመቱ 3.4 ሜትር ገደማ ብቻ፤ ነገር ግን ወደ መኖሪያው ክፍል ሰፊ ተንሸራታች በር ነበረው። የምትሠራው ሴት ስትፈልግ ልጆቿን ታያለች፣ ስትፈልግ ትዘጋዋለች። ለእኛ ቤት ከሁለቱ የሚቀርበው የእሷ መንገድ ነው ብዬ አምናለሁ።

ስለዚህ በኩሽናህና በምግብ ክፍሉ መካከል 2 ሜትር ገደማ ስፋት ያለው ክፍት አድርግና ባለ መስታወት ተንሸራታች በር ግጠምበት። ብርሃኑ ያልፋል፣ ሰዎቹ ይተያያሉ፣ ሽንኩርት ሲቁላላ ይዘጋል።

እህትህ ጓሮ የላትም። ግን ብዙዎቹ የኮንዶሚኒየም ግቢዎች እንጀራ ለመጋገርና በበዓል ለማረድ የሚሆን የጋራ ማድ ቤት ተሠርቶላቸዋል። የእሷ ግቢ ያለው ከሆነና መጋዘን ካልሆነ ትጠቀምበት። ከሌለ ኩሽናዋን በምንም ዓይነት ሙሉ በሙሉ እንዳትከፍት ንገርልኝ።

3. ግድግዳው የተሸከመውን ሳታውቅ መዶሻ አታንሣ።

«ቤቱ ፎቅ የለውም፤ ምን ይሸከማል?» ብለሃል። ጣሪያ ይሸከማል። የአባትህ ቤት በጡብ የተገነባ ነው፤ እንዲህ ዓይነት ቤት ውስጥ ብዙ ጊዜ ኮለን የለም፤ ግድግዳው ራሱ ነው ተሸካሚው። የጣሪያው የእንጨት ክፈፍ ከአንዱ የውጭ ግድግዳ እስከ ሌላው ሳያርፍ ከሄደ የመሐሉ ግድግዳ መከለያ ብቻ ሊሆን ይችላል። መሐል ላይ ካረፈ ግን ያ ግድግዳ የጣሪያውን ሸክም በከፊል ተሸክሞ ነው ዓመታት የኖረው።

ይህን ከታች ሆነህ አታውቀውም። ከችፑድ ኮርኒሱ አንዱን አስነሣና ባትሪ ይዘህ ራስህ ግባ። የክፈፉን የታችኛውን አግዳሚ እንጨት ከዳር እስከ ዳር በዓይንህ ተከተለው፤ ግድግዳው አናት ላይ ሲደርስ በመሐላቸው ክፍተት አለ ወይስ እንጨቱ ጡቡን ነክቷል? መሐል ላይስ ተቀጥሏል? ፎቶ አንሣና ለመሐንዲስ አሳይ። ግድግዳውን በጣት መታ መታ አድርጎ «ይህ ባዶ ነው፣ ይፈርሳል» የሚልህን ሰው አትስማው፤ ድምፅ ሸክም አይናገርም።

አንድ ቤት ልንገርህ። ባለቤቱ ልክ እንዳንተ የመሐሉን ግድግዳ በበጋ አስፈረሰ፤ ሥራው በሁለት ቀን አለቀና ሁሉም ተደሰተ። ክረምቱ ሲገባ ጠሩኝ። የመኝታ ቤቱ በር አልዘጋ ብሎ ታችኛው ጠርዝ ወለሉን ይጭራል፤ ከበሩ የላይኛ ማዕዘን የተነሣ ስንጥቅ በሰያፍ እስከ ኮርኒሱ ወጥቷል። ኮርኒሱ መሐል ላይ ረግቦ የችፑዱ መገጣጠሚያ ጣት ያስገባል። ደጅ ወጥቼ ጣሪያውን ሳየው አናቱ ወደ ውስጥ ጎብጧል። ቤቱን ለማዳን በባሕር ዛፍ ቋሚ ደግፈን፣ ሁለት ኮለንና ቢም አስገብተን፣ ቆርቆሮውን በከፊል ገልጠን ክፈፉን መጠገን ግድ ሆነብን። አስቀድሞ ቢደረግ ኖሮ ከዚያ ሁሉ የሚያስፈልገው ኮለኖቹና ቢሙ ብቻ ነበሩ።

ግድግዳህ ተሸካሚ ቢሆንም ሊፈርስ ይችላል፤ ግን በቦታው ቢም ይገባል። በግምት የአርማታ ቢም ጥልቀት የክፍቱን ርዝመት አንድ ዐሥራ ሁለተኛ ያህል ይሆናል። 4 ሜትር ከከፈትክ 33 ወይም 35 ሳንቲ ሜትር ማለት ነው። የቤትህ ቁመት 2.8 ሜትር ከሆነ ከቢሙ ሥር 2.45 ሜትር ይቀርሃል፤ ይህን ንድፍህ ላይ አሁኑኑ ሣለው፤ በኋላ «ይህ ነገር ከየት መጣ?» እንዳትል። ትክክለኛውን ልክና የፌሮውን ብዛት የሚያወጣው መሐንዲስ ነው። የቢሙ ሁለት ጫፎች የሚያርፉበትም ቦታ እስከ መሠረቱ ድረስ ጠንካራ መሆን አለበት፤ ብዙ ሰው ቢሙን አስቦ እግሩን ይረሳል። አርማታው የታሰበለት ጥንካሬ ላይ የሚደርሰው በ28 ቀን ነው። ሠራተኛው ድጋፉን ለሌላ ሥራ ፈልጎ በሳምንቱ ልንቀለው ቢልህ እሺ አትበል።

የጭቃ ቤት ያለው ጓደኛህ ምክር ከጠየቀህ ደግሞ ግድግዳው ውስጥ ያሉት ቋሚዎች ጣሪያውን እንደያዙት ንገረው፤ ጭቃው ቢረግፍም ቋሚው አይነካም።

የእህትህ ሕንፃ በኮለንና በቢም የቆመ ነው፤ የውስጥ ግድግዳው በብሎኬት የተሠራ መከለያ ነው። ቢሆንም የፈለገችውን ታፍርስ ማለት አይደለም። ቧንቧ የሚያልፍበት ሻፍት ግድግዳ አይነካም። ወለሉ በብዙዎቹ ሕንፃዎች ቀድሞ የተመረተ ቀጭን ቢምና በመሐሉ የተደረደረ ብሎኬት ስለሆነ ቧንቧ ላሳልፍ ተብሎ አይበሳም። በ2017 ዓ.ም. ከአዋሽ ፈንታሌ አካባቢ የተነሣው የመሬት መንቀጥቀጥ አዲስ አበባ ድረስ ሲሰማ ፎቅ ላይ የነበሩ ሰዎች ደንግጠው ደረጃ ለደረጃ ሲወርዱ አይተናል። ሕንፃ ሲወዛወዝ በኮለኖች መካከል ያለው የብሎኬት ግድግዳ ከሚረዱት ነገሮች አንዱ ነው። በታችኛው ወለል ላይ እያንዳንዱ ሰው ግድግዳውን ቢያነሣ ያ ወለል ከላይኞቹ ይልቅ ይላላል። ይህ የአንድ ሰው ቤት ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ ላይዋ የሚተኙ ልጆች አሉ።

4. ፈቃድ አውጣ።

የአገሪቱ የሕንፃ አዋጅ ያለ ፈቃድ ግንባታም ለውጥም እንዳይደረግ ደንግጓል። በኮንዶሚኒየም ደግሞ የጋራ ሕንፃ አዋጅ ቁጥር 370/1995 አለ፤ ኮለኑ፣ የውጭ ግድግዳው፣ ሻፍቱ የሁሉም ነዋሪ የጋራ ንብረት ናቸው። ያለ ፈቃድ ተጀምሮ ሥራው መሐል ላይ ሲቆም ግድግዳ የሌለው፣ ምድጃም የሌለው ቤት ውስጥ ነው የምትከርሙት። ጎረቤትህንም አስቀድመህ አነጋግር፤ አቧራውና ጩኸቱ የሚደርሰው እሱ ጋ ነው።

5. ጭስ መሳቢያውን በክፍሉ ልክ ግዛ።

ሁድ የምትሉት ጭስ መሳቢያ ሁሉን ይፈታል ብለህ እንደተማመንክ ከአጻጻፍህ ገባኝ። እስቲ አብረን እናስላ። የተዘጋው ኩሽናህ 10 ካሬ ሜትር ነው፤ ቁመቱ 2.8 ሲሆን 28 ሜትር ኩብ አየር ይይዛል። ይህን አየር በሰዓት ቢያንስ 10 ጊዜ ለመለወጥ 280 ሜትር ኩብ በሰዓት የሚስብ መሣሪያ ይበቃሃል። ሦስቱን ክፍሎች ስትቀላቅል 42 ካሬ ሜትር ይሆናል። ያ ማለት 118 ሜትር ኩብ ገደማ ነው፤ መሳቢያውም ወደ 1,180 ይወጣል። ከአራት እጥፍ በላይ ማለት ነው፤ ድምፁም እንዲሁ ይጨምራል፤ ሳሎን የተቀመጠ ሰው እየጮኸ ነው የሚያወራው። ተንሸራታቹን በር የምወድበት አንዱ ምክንያት ይህ ሒሳብ ነው።

ስትገዛ ወደ ውጭ የሚያስወጣውን ግዛ። አየሩን በማጣሪያ አሳልፎ መልሶ ወደ ቤት የሚለቀው ዓይነት ጥቂት ቅባት ይይዛል እንጂ እንፋሎቱን የትም አያደርሰውም። ቱቦው ወደ 15 ሳንቲ ሜትር ስፋት ይኑረው፣ አጭር ይሁን፣ መታጠፊያው ይነስ። ስለዚህ ምድጃው በውጭ ግድግዳ ላይ መሆን አለበት፤ ንድፍህ ላይ መሐል ቤት ያደረግኸውን አንሣው። መሳቢያው ከምድጃው ከ65 እስከ 75 ሳንቲ ሜትር ከፍ ብሎ ይሰቀል፤ የጋዝ ምድጃ ከሆነ ወደ ላይኛው ልክ አስጠጋው። ግን መብራት ሲጠፋ ሁድም ይጠፋል፤ ያን ጊዜ ደግሞ በጋዝ ወይም በከሰል ነው የሚበስለው። ስለዚህ ከምድጃው አጠገብ የሚከፈት መስኮት፣ ከእሱም ትይዩ ሌላ መስኮት ወይም በር የግድ ያስፈልጋል። ማንኛውንም ነገር ብትቀንስ ይህን መስኮት አትቀንስ።

6. መብራቱንና ጋዙን ለሚያውቅ ሰው ስጥ።

የኤሌክትሪክ ምጣድ ከ3.5 እስከ 4 ኪሎ ዋት ይወስዳል፤ በ220 ቮልት ከ16 እስከ 18 አምፔር መሆኑ ነው። ይህ ከተራ ሶኬት የሚሳብ ኃይል አይደለም። በዲቫይደር ላይ ተሰክቶ ሶኬቱ ጠቁሮ የቀለጠ ስንት ቤት አይቻለሁ! ለምጣዱ ከብሬከር ሳጥኑ በቀጥታ የሚመጣ የራሱ መስመር፣ ከ4 ካሬ ሚሊ ሜትር ያላነሰ ገመድ፣ የራሱ ብሬከርና አርዝ ይኑረው። ምጣዱ፣ ምድጃውና የሻወር ማሞቂያው አብረው ሲበሩ ቆጣሪህ ይችላቸው እንደሆነ አስቀድመህ አስመርምር።

በሚፈርሰው ግድግዳ ውስጥ ያለው ገመድና ማብሪያ ማጥፊያ የት እንደሚሄድ ከማፍረስህ በፊት ይወሰን። የጋዝ ሲሊንደር ከቤት ውጭ፣ አየር በሚያገኝ ቦታ ይቁም። ይህ ጋዝ ከአየር ይከብዳል፤ ሲያፈስ ወደ ላይ አይወጣም፣ ወለሉ ላይ ይተኛል። ክፍት በሆነ ቤት ውስጥ ደግሞ ልጆች ወደሚጫወቱበት ምንጣፍ ድረስ ይንሸራተታል።

7. ሲንኩን ከውኃ መውጫው አታርቀው።

ንድፍህ ላይ ሲንኩ ከቀድሞ ቦታው 4 ሜትር ተጉዟል። የፍሳሽ ቧንቧ በእያንዳንዱ ሜትር ቢያንስ 2 ሳንቲ ሜትር ዝቅ ማለት ይፈልጋል፤ በ4 ሜትር 8 ሳንቲ ሜትር ነው። ያን ያህል ወለል ከየት ታመጣለህ? የወጥ ቅባት ያለበት ውኃ ተዳፋቱ ባነሰ ቧንቧ ውስጥ ይረጋና ይደፈናል። ሲንኩን ባለበት መስኮት ሥር ተወው፤ ሌላው ነገር እሱን ይከተል።

ውኃ በፈረቃ የሚመጣበት ሰፈር ነህ። ሮቶው ቢኖርም ጀሪካንና ባልዲ ከቤትህ አይጠፉም፤ በተከፈተ ኩሽና ውስጥ ሁሉም ሳሎን ድረስ ይታያሉ። የሚቀመጡበት ካቢኔት ከሲንኩ አጠገብ ይታሰብላቸው።

8. ጓዳ ይኑርህ።

እንደው ካቢኔት ብቻ ብለህ አትለፈው። የጤፍ ኩንታል፣ የሽሮና የበርበሬ ዕቃ፣ የሽንኩርት ጆንያ፣ የቅቤ ማሰሮ፣ የሊጥ ባልዲ ከሚያብረቀርቅ ካቢኔት ውስጥ አይገቡም። ከ1.2 በ1.8 ሜትር ያላነሰች፣ በር ያላት፣ ከላይና ከታች አየር ማስገቢያ ያላት ጓዳ ከኩሽናው ጎን አስቀር። ሊጥ እስኪቦካ ሦስት ቀን ሲቆይ የራሱ ሽታ አለው፤ ቦታው ጓዳ ነው። የምታፈርሰውን ግድግዳ ከምግብ ክፍሉ ወገን ሙሉ በሙሉ ከማንሣት ይልቅ አንዱን ጥግ ለዚህ ብታስቀረው ማንም አይጎዳም።

9. ልኩን ወለል ላይ ሣለው።

ወረቀት ላይ ሁሉም ይበቃል። ጠመኔ ግዛና ካቢኔቱን፣ ፍሪጁን፣ ጠረጴዛውን በእውነተኛ ልካቸው ሳሎንህ ወለል ላይ ሣላቸው። ከዚያ ባለቤትህ ቁርስ እንደምትሠራ ሆና ትመላለስበት፤ አንተም እንደዚያው። ፍሪጅ፣ ሲንክና ምድጃ በሦስት ማዕዘን ሲቀመጡ የሦስቱ ርቀት ድምር ከ4 እስከ 8 ሜትር ቢሆን ሥራ ይቀላል።

አይላንድ የምትሉት በመሐል ብቻውን የሚቆም ካቢኔት አምሮህ ነው ያየሁህ። እንቁጠረው፤ ግድግዳውን የያዘው ካቢኔት 60፣ መተላለፊያው 105፣ አይላንዱ 90፣ ከወዲህ ያለው መተላለፊያ ሌላ 105 ሳንቲ ሜትር። 3.6 ሜትር ሆነ። ያንተ ኩሽና 3 ሜትር ነው። አይላንዱን ተወውና ካቢኔቱን ወደ ምግብ ክፍሉ አጥፈህ አውጣው፤ ከምግብ ጠረጴዛው ወገን ያለው ጠርዙ 110 ሳንቲ ሜትር ይድረስ። ከሥራው ጠረጴዛ 20 ሳንቲ ሜትር ያህል ከፍ ስለሚል ያልታጠበው ዕቃ ከሳሎን አይታይም።

ሁሉም ሰው የሥራ ጠረጴዛውን 90 ሳንቲ ሜትር ያደርገዋል። ባለቤትህ ክርኗን አጥፋ ትቁምና ከክርኗ እስከ ወለል ለካ፤ ከዚያ ላይ ከ10 እስከ 15 ሳንቲ ሜትር ቀንስ። የእሷ ልክ 85 ከወጣ 85 ይሁን፤ ትከሻዋን ሰቅላ ሽንኩርት እየከተፈች ዓመታት አትቁም።

ለምግብ ጠረጴዛው ለአንድ ሰው 60 ሳንቲ ሜትር፣ ከወንበሩ ኋላ ሰው እንዲያልፍ 90 ሳንቲ ሜትር ተው።

10. ሰው ሲበዛ ምን እንደሚሆን አስብ።

ሦስቱን ክፍሎች መክፈት ለእኛ አኗኗር እውነተኛ ጥቅሙ እዚህ ላይ ነው። ክርስትና፣ ማኅበር፣ ምርቃት፣ ለቅሶ ሲመጣ ቤቱ በአንድ ጊዜ አርባና ሃምሳ ሰው ይይዛል። የድሮው ቤት ግማሹን ሰው ምግብ ክፍል አስቀምጦ ከዋናው ጨዋታ ይለየው ነበር። ስለዚህ በመሐል የማይነቃነቅ ነገር አትሥራ፤ የተገነባ መደርደሪያ፣ የሳሎኑን ወለል ከፍ የሚያደርግ ደረጃ፣ ባለ እምነ በረድ ምሰሶ፣ አንዱም አይኑር። ጠረጴዛው ተገፍቶ ግድግዳ የሚይዝ፣ ሶፋው የሚነሣ ይሁን።

ለሞሰብ ደግሞ 2.5 ሜትር ያህል ክብ ቦታ ይበቃል፤ ዙሪያውን በርጩማ ተደርጎ ሰው ይቀመጥበታል። ለቡናው የራሱ ጥግ ስጠው። መስኮት ሥር፣ 1.5 በ1.5 ሜትር፣ ወለሉ ሴራሚክ የሆነ፣ መጋረጃ የማይደርስበት፣ ለኤሌክትሪክ ምድጃ ሶኬት ያለው። ረከቦቱ ሲነሣና ሲቀመጥ፣ ቄጠማው ሲጎዘጎዝና ሲጠረግ የሰው መንገድ አይዝጋ። ቡናው በከሰል ከተፈላ መስኮቱ ይከፈት፤ ከሰል ሽታ የሌለው መርዘኛ ጋዝ ያወጣል፤ በብርድ ምክንያት ተዘግቶ በተቀመጠ ቤት ሰው የሚገድለው ይህ ነው።

11. የምትሠራዋን ሰው አስባት።

የተዘጋ ኩሽና አንድ ደግነት ነበረው። እናትህ ነጠላዋን አውልቃ፣ ሻሿን ሸብ አድርጋ፣ ፊቷን ላብ አጥለቅልቆት ማንም ሳያያት ትሠራለች፤ ከዚያ ተጣጥባ ትወጣለች። ቤት የምታግዛችሁ ልጅም በዚያች ክፍል ውስጥ ቁጭ ብላ ትበላለች፣ ስልክ ታወራለች፣ ትንሽ ታርፋለች። ግድግዳውን ስታፈርስ ይህን ሁሉ ከእነሱ ላይ ነው የምትወስደው። እንግዳ በመጣ ቁጥር ከጧት እስከ ማታ በሰው ዓይን ሥር መሥራት ያደክማል።

እናትህን ጠይቃት፤ ባለቤትህን ጠይቃት፤ ልጅቷንም ጠይቃት። «ምን ይመስላችኋል?» ብለህ በአንድ ላይ አትጠይቃቸው፤ ሁሉም «ጥሩ ነው» ይሉሃል። ለየብቻ፣ እጃቸው ሥራ ላይ እያለ ጠይቃቸው። ለልጅቷ ደግሞ በሰርቪስ ቤቷ ውስጥ ወንበርና ጠረጴዛ፣ መስኮትና ጥሩ መብራት ይኑራት። ይህን ከወጪ ዝርዝርህ እንዳታወጣው አደራ እልሃለሁ።

12. ብርሃን፣ ብርድና ድምፅ።

ከመስኮት የሚገባ ብርሃን በደንብ የሚደርሰው የመስኮቱ አናት ከወለል ያለውን ከፍታ እጥፍ ወይም ከዚያ ጥቂት አልፎ ነው። የመስኮትህ አናት 2.1 ሜትር ላይ ከሆነ ከ4 እስከ 5 ሜትር ድረስ ማለት ነው። ክፍልህ ከዳር እስከ ዳር 9 ሜትር ስለሚሆን ከሳሎኑም ከኩሽናውም ወገን መስኮት ካለ መሐሉ ጨለማ አይሆንም። አዲስ አበባ ላይ ፀሐይ በበጋ በደቡብ በኩል፣ ክረምቱ ሲገባ በሰሜን በኩል ታልፋለች፤ የሚያስቸግርህ የምዕራቡ የማታ ፀሐይ ብቻ ነው፤ ኩሽናህ ወደዚያ ስለሚያይ ከመስኮቱ በላይ ጥላ አድርግ።

ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትርን ያልፋል። 42 ካሬ ክፍል በሐምሌ ማታ ከትንሽ ሳሎን ይልቅ ይበርዳል። ሴራሚክ፣ መስታወትና ጂፕሰም ብቻ የሆነ ሰፊ ክፍል ደግሞ ያስተጋባል፤ ብሌንደሩ ሲጮህ፣ ቴሌቪዥኑ ሲናገር፣ ልጅ ሲያጠና ሁሉም አንድ ላይ ነው። ወፍራም መጋረጃ፣ ምንጣፍና በመጻሕፍት የሞላ መደርደሪያ ሁለቱንም ያስታግሳሉ። ልብስ ማጠቢያ ማሽኑ ወደ ሰርቪስ ይሂድ። ለልጆቹ ጥናትና ለእናትህ ጸሎት በር ያለው አንድ ክፍል ሳይነካ ይቅር።

13. ወለሉ።

የድሮ ኩሽና ውኃ ወደ ሳሎን እንዳይሄድ ከሳሎን ሁለት ሦስት ሳንቲ ሜትር ዝቅ ተደርጎ ነው የተሠራው። ግድግዳው ሲነሣ ይህ ደረጃ መሐል ላይ ያደናቅፋል። የሳሎኑን ፓርኬ ካልተጎዳ አታንሣው፤ ጥሩ እንጨት ነው፤ ተፍቆ ቫርኒሽ ቢቀባ አዲስ ይሆናል። ኩሽናውን ከፍ አድርገህ ከፓርኬው ጋር አስተካክለው፤ ሴራሚኩም የማያንሸራትት ይሁን።

14. ቅደም ተከተሉን አትገልብጥ።

ማፍረስ፣ ቢምና ኮለን፣ ቧንቧ፣ ኤሌክትሪክ፣ ልስን፣ ኮርኒስ፣ ወለል፣ ካቢኔት፣ ቀለም። ካቢኔት የሚለካው ልስኑና ወለሉ ካለቁ በኋላ ነው፤ ሦስት ሳንቲ ሜትር ልስን ፍሪጅ እንዳይገባ ያደርጋል። ግድግዳ ውስጥ ያለው ቧንቧና ገመድ ከመለሰኑ በፊት ሜትር አስደግፈህ ፎቶ አንሣው፤ ነገ ሚስማር የምትመታው አንተ ነህ። ለሠራተኛ ሙሉ ክፍያ አስቀድመህ አትስጥ፤ ክፍል በክፍል፣ ሥራው ሲታይ ይከፈል፤ ክፍያው በደረሰ ቀን ግን አታዘግይበት። ከጠቅላላው ወጪ ላይ ቢያንስ አንድ አምስተኛውን ለድንገተኛ አስቀምጥ፤ አሮጌ ቤት ሲከፈት ያልታሰበ ነገር ይወጣል። ገንዘቡ ካነሰ ከግራናይቱና ከጌጥ መብራቱ ቀንስ እንጂ ከቢሙ፣ ከገመዱና ከመስኮቱ አትቀንስ። ሥራው በጥቅምትና በግንቦት መካከል ይሁን፤ በክረምት ጣሪያ አትንካ።

15. ቀጥሎ የምትልክልኝ።

ሦስት ነገር ላክልኝ። አንደኛ፣ ኮርኒስ ውስጥ ገብተህ ያነሣኸውን ፎቶ፣ በተለይ እንጨቱ ግድግዳው አናት ላይ የሚያርፍበትን። ሁለተኛ፣ ከባለቤትህ ጋር የጻፋችሁትን የሳምንት የማብሰል ዝርዝር። ሦስተኛ፣ የክፍሎቹን ልክ ከወለል እስከ ኮርኒስ፣ የመስኮቶቹንና የሲንኩን ቦታ ጨምረህ። እነዚህን ካየሁ በኋላ ከማምነው መሐንዲስ ጋር ቤቱ ድረስ እንመጣለን፤ ግድግዳውንም አብረን እናየዋለን።

አጎትህ